የኮምቦልቻው ዋልካ በእርግጥ 21 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል?

ኢንጂነር፣ ጥያቄህ ቦርከና ወንዝ ዳር 4 ሜትር ውፍረት ባለው ዋልካ ላይ ለሚያርፍ ጂ+2 ያሰላኸው ሴትልመንት (መስመጥ) 21 ሴንቲ ሜትር ስለመጣ፣ «ቀመሩ ነው ወይስ አፈሩ?» የሚል ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ያለቦታው የገባው ሲሲ (አፈሩ ቀምሶት በማያውቀው ጫና ስር ምን ያህል እንደሚጠቀጠቅ የሚያሳየው ቁጥር) ነው።

ዋልካ በየበጋው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ በቀዳዳዎቹ የቀረው ውሃ ቅንጣቶቹን እየሳበ ያጠጋጋቸዋል፤ ከላይ ሸክም የተጫነበት ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ካለበት የበለጠ ጫና ቀምሷል። እስከዚያ የቀድሞ ጫና ድረስ የሚጠቀጠቀው በጥቂቱ፣ በሲአር (ቀድሞ በቀመሰው ጫና ውስጥ ያለው አነስተኛ የመጠቅጠቅ ቁጥር) ነው። ሲሲ የሚሠራው ከዚያ ሲያልፍ ብቻ ነው።

በራስህ ቁጥሮች እንየው። በንብርብሩ መሃል ያለው ጫና 60 ኪሎፓስካል፣ ሕንፃው የሚጨምረው 50፣ ቮይድ ሬሾው (የቀዳዳው ይዘት ለቅንጣቶቹ ይዘት ሲካፈል) 1.1፣ ሲሲ 0.42። ሁሉን በሲሲ ካስኬድከው 21 ይመጣል። ሲአር 0.06፣ የቀድሞው ጫና 140 ቢሆን ግን 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 90 ቢሆን ደግሞ እስከ 90 ድረስ 2፣ ከዚያ በላይ 7፣ በድምሩ 9። እንግዲህ ድካምህን ሁሉ የቀድሞውን ጫና በትክክል በማግኘት ላይ አውለው። ድርቀቱ ታች ድረስ ላይዘልቅ ስለሚችል በየሜትሩ ናሙና አውጣ፤ ስሌቱንም በየሜትሩ ከፋፍለህ ደምር።

ኦዶሜትር (ናሙናውን በክብደት እየጫኑ መጠቅጠቁን የሚለኩበት መሣሪያ) ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጀመሪያው ነው። ደረቅ ዋልካ 25 ኪሎፓስካል ተጭኖበት ውሃ ሲገባ ያብጣል፤ ዝም ብለህ ካየኸው ግራፉ ከመነሻው ይዛባል። እብጠቱ እስኪቆም ክብደት ጨምር፣ መዝግብ፣ ከዚያ ጫናውን በየ24 ሰዓቱ እጥፍ እያደረግክ እስከ 1600 ኪሎፓስካል ውሰደው። ሲአርን ከመጀመሪያው መስመር አትውሰድ፤ ናሙናው ሲወጣ ስለሚረበሽ ያገንነዋል። እጥፋቱን (የቀድሞውን ጫና የሚያሳየውን፣ ግራፉ የሚታጠፍበትን ቦታ) ካለፍክ በኋላ አራግፈህ እንደገና ጫን፣ ከዚያ አንብብ። በጣም የተረበሸ ናሙና እጥፋቱ ራሱ ይጠፋል፤ እሱን ጣለው፣ ግራፉን በእርሳስ ለማቃናት አትድከም።

ሶፍትዌር ውስጥ ካም ክሌይ የተባለውን የሸክላ አፈር ሞዴል የምትጠቀም ከሆነ፣ የመጠቅጠቅ ቁጥሩ ላምዳ ማለት ሲሲ ሲካፈል ለ2.303 ነው፤ ያንተው 0.18 ይሆናል። 0.42ን እንዳለ የሚያስገባ ሰው ሞልቷል፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ይወቅሳል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ሲቪ (ውሃው ተጨምቆ ሲወጣ አፈሩ የሚጠቀጠቅበት ፍጥነት) በዓመት 1 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ውሃው የሚወጣበት አሸዋ ከላይም ከታችም ካለ የመስመጡ 90 በመቶ በ3.4 ዓመት ያልቃል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ 13.6 ዓመት። የውሃው መንገድ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ነው። ቁፋሮው ላይ የታየች ቀጭን የአሸዋ ንብርብርም ቢሆን ሳትመዘገብ እንዳትቀር።

ይህ ሁሉ መስመጥን እንጂ የክረምቱን እብጠት አያሳይም። በረንዳና አጥር ቀላል ስለሆኑ ይነሳሉ፤ እሱን ከመዘገብከው የእብጠት ግፊት ጋር ለብቻው አስላው።

የኦዶሜትሩን ግራፍ ከነማራገፊያው እዚህ ለጥፈው፤ እጥፋቱ የት ላይ እንዳለ አብረን እንይ።