«ሳይዘንብ አልቀረም» ወይስ «ዘንቧል»?

ከኮምቦልቻ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ጠይቆኛል፦ «ማሽን እንዴት እንደሚያመዛዝን በአማርኛ ስጽፍ ‹የቦርከና ወንዝ ሞልቷል፤ ደሴ ሳይዘንብ አልቀረም› የሚል ምሳሌ ሰጠሁ። አማካሪዬ ‹ሁለት አሉታ አንድ አዎንታ ነው፤ ዘንቧል በል› አለኝ። ማን ነው ልክ?»

አብሽር፣ ልክ ነህ። «ዘንቧል» የሚለው ዝናቡን ያወቀ ሰው ነው። «ሳይዘንብ አልቀረም» የሚለው ምልክት አይቶ የደመደመ ነው። ተቃራኒ ማስረጃ ከመጣ ድምዳሜውን ይለቃል። አሉታን በአሉታ የሚያጣፉ ሰዎች ሰዋስውን ሒሳብ አድርገውት ይህን ልዩነት ይገድሉታል።

ያንተ መስክ የቆመውም እዚሁ ልዩነት ላይ ነው። በተለመደው ሎጂክ አዲስ መረጃ የቀደመውን ድምዳሜ አይሽርም። ሰው ግን እንዲህ አያስብም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ሬይመንድ ራይተር በ1980 እ.ኤ.አ. «ተቃራኒው ካልታወቀ በቀር ይህን ያዝ» የሚሉ ደንቦችን በሎጂክ ቀረጸ። ፈላስፋው ጆን ፖሎክ ደግሞ ድምዳሜ የሚፈርስባቸውን ሁለት መንገዶች ለየ። ደሴ ያለ ሰው ደውሎ «ኧረ እዚህ ጠብ አላለም» ካለህ ድምዳሜህን ራሱን መታው። «ቦርከና እኮ ሌላ ቦታ ዘንቦም ይሞላል» ካለህ ግን ደሴ አልዘነበም አላለህም። ከሙላቱ ወደ ዝናቡ የተሻገርክበትን ድልድይ ነው የሰበረው። በ1995 እ.ኤ.አ. ሌላው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ፋን ሚን ዱንግ የሙግቶቹን ይዘት ወደ ጎን ትቶ ማን ማንን እንደሚያጠቃ ብቻ አየ። አጥቂው ራሱ ከተመታ የተጠቃው ሙግት መልሶ ይቆማል። ያ ደዋይ አዲስ አበባ ሆኖ ከተገኘ ያንተ «ሳይዘንብ አልቀረም» ነፍስ ይዘራል።

ግሱንም ልብ በል። «ወፍ ይበራል፣ ሰጎን ሲቀር» እንላለን። «በቀር»፣ «በስተቀር»፣ «ይቅርታ» ሳይቀር የ«ቀረ» ልጆች ናቸው። ድምዳሜውንም፣ ድምዳሜውን የሚያፈርሰውን ልዩ ሁኔታም የምንናገረው በአንድ ግስ ነው። ይህን የያዘ ቋንቋ ለዚህ ትምህርት ይጠባል የሚል ካለ አልስማማም።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ላለፈው «አልቀረም»፣ ለሚመጣው «አይቀርም» በል። «ትናንት ሳይዘንብ አይቀርም» ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። ዛሬ ደሴም አዲስ አበባም ሰው ላለፈውም «አይቀርም» ይላል፣ ይጽፈዋልም። ስህተት ነው ማለት አልችልም፤ ሳልወድ ተቀብያለሁ። ወረቀትህ ላይ ግን የትናንቱ ድምዳሜና የነገው ትንበያ እንዳይምታቱ «አልቀረም»ን እንዳለ ተወው።