ወረፋው ሲሞላ ምኑን ወደ ደሴ እንላክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ኮምቦልቻ ነኝ፤ 6 ሰርቨር ያለው ትንሽ ክላስተር (እንደ አንድ ማሽን ተያይዘው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) አስተዳድራለሁ፣ የሚሠራው በስለርም ነው፤ የተጠቃሚዎችን ሥራ አሰልፎ ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል ሶፍትዌር ነው። ግንቦት ሲመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ተማሪ ሁሉ ይረባረብበትና አንድ ሥራ 4 ቀን ወረፋ ይጠብቃል። ደሴ ያሉ ባልደረቦቻችን «የኛ ክላስተር ሥራ ፈትቷል፣ ተጠቀሙበት» ብለውናል። የቦርከና ተፋሰስን የጎርፍ ሞዴል የሚሠሩ አሉ፣ 200 ጊጋባይት የሳተላይት ምስል ይዘው የሚመጡም አሉ። መስመራችን 20 ሜጋቢት ነው። ሁሉንም ልላከው ወይስ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ የኪራይ ኮምፒውተር) እንከራይ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ መላ አለው። ግን መጀመሪያ ወረፋውን ራሱን እየው። ያለቁትን ሥራዎች ከስለርም መዝገብ አውጣና የጠየቁትን ከተጠቀሙት ጋር አስተያየው። 32 ኮር (የኮምፒውተሩ የማስሊያ ክፍል) ይዞ በ1 ኮር የሚሠራ ሳታገኝ አትቀርም፤ እኔ ባየሁበት ሁሉ አለ። 2 ሰዓት የሚበቃው ሥራ 7 ቀን ተብሎ ከተመዘገበም ስለርም በመሃል በተገኘች ክፍተት ሊያስገባው አይችልም። ይሄን ብቻ ብታስተካክል ወረፋው ይቀልልሃል።

የሚላከው ከዚያ የተረፈው ነው። የጎርፍ ሞዴሉ ይሂድ። የተፋሰሱ ካርታ አንዴ ደሴ ከገባ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ይዞ የሚሄደው ጥቂት ቁጥር ያለባት ፋይል ብቻ ናት፣ አንዱም ሌላውን አይጠብቅም። የሳተላይቱ ምስል ግን እዚያው ኮምቦልቻ ይቀመጥ። 200 ጊጋባይት በናንተ መስመር፣ ሳይቆራረጥ እንኳ፣ 22 ሰዓት ይፈጃል። የግድ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ይዞ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት ይሻላል።

ሁለቱ ክላስተሮች አንድ የመዝገብ ዳታቤዝ ይጋሩ፤ የመንጅ (ማሽኖቹ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡበት ፕሮግራም) ቁልፋቸውና የተጠቃሚዎቹ መለያ ቁጥርም አንድ ይሁን። ከዚያ ተማሪው ሥራውን ሲያስገባ የሁለቱንም ክላስተር ስም ከጻፈ፣ ስለርም ቀድሞ ይጀመርበታል ያለውን መርጦ ይልከዋል። ፋይሉን ግን አይወስድልህም! እኔም አንዴ ደርሶብኛል፦ ማታ ልኬው ተኛሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ፎልደሩ ባዶ፣ ሥራው በ3 ሰከንድ «ፋይል የለም» ብሎ ሞቷል። ስለዚህ ፋይሉ ቀድሞ ይሻገር። ሶፍትዌሩንም በአፕቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በአንድ ፋይል የሚያሽግ መሣሪያ) አሽጋችሁ ላኩት፣ እዚያም እዚህም ያው ስሪት እንዲሆን።

ከደሴዎቹ ጋር ያለውን ነገር እንደ ወንፈል ያዙት። የናንተ ሥራ እዚያ ዝቅ ያለ ቅድሚያ ይኑረው፣ ቁጥሩም ይገደብ፣ የባለቤቶቹ ተማሪዎች በናንተ ምክንያት እንዳይሰለፉ። እነሱ ሲጨናነቁ ደግሞ ተራው የናንተ ነው፣ ክፈቱላቸው።

ክላውድን እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማስበው። ሂሳቡ በዶላር ነው፣ ብዙዎቹ ውጤትህን ስታወርድም ያስከፍሉሃል። ከገባህበት ግን ሥራ ያጣ ማሽን ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደሚጠፋ ስለርም ላይ ሳትሞላ አንድም ሥራ እንዳትልክ፤ ዓርብ ማታ የተረሳ ማሽን እስከ ሰኞ ሲቆጥር ያድራል።