ምሥራቅ በየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ሜሪላንድ እንኖራለን። አማቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤቴ የረጅም ርቀት ጭነት መኪና ሹፌር ነው። በዓልን መንገድ ላይ ማሳለፍ ሰልችቶት ‹እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ ላዝናናት› አለና ለአምስታችን የካሪቢያን የመርከብ ጉዞ ገዛ። ከፎርት ላውደርዴል ዲሴምበር 21 ተነስተን ጃማይካንና ሜክሲኮን አይተን በ28 የምንመለስበት ነው። ከስምንት ሺህ ዶላር በላይ ወጣበት፤ አብዛኛው በክሬዲት ካርድ ነው።

አማቴ የገና ጾም ላይ ነበሩ። ጾም መሆኑን አውቄ ነበር፤ እሱ በጣም ደስ ብሎት ስለነበር ምንም አላልኩም። መርከቡ ላይ ከሴቷ ልጄ ጋር መስኮት በሌለው ክፍል ያድሩ ነበር። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ራሴን አዞረኝ እያሉ ከክፍላቸው እምብዛም አይወጡም ነበር። ባለቤቴ ‹ስላልበላሽ ነው› ይላቸዋል። በፈረንጆች ገና ማታ ሁላችንም ለባብሰን ራት ስንቀርብ፣ የመጣላቸውን ሥጋ ገፋ አድርገው ዳቦ ብቻ ቆረሱ። ባለቤቴ ልጆቹ ፊት ‹ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁት?› አለ። ተነስተው ሄዱ።

አንድ ወር ሊሆነው ነው፤ እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይነጋገሩም። እሱ ‹ኪኒኗን ወስዳ እንደሆነ ጠይቂያት› ይለኛል። እሳቸው ‹ብርድ ነው፣ ካፖርቱን ይልበስ በይው› ይሉኛል። በራሳችን ገና ዕለት እንኳ ትርፍ ሥራ ይዞ ወጣ። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ ጉዞስ ሁለተኛ ይቅርብን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ እዚህ ካሰፈርኩት በእጥፍ ይረዝማል። ያሳጠርኩት ለአንባቢ ብዬ ነው፤ ለመልሱ የረዳኝ ግን አብዛኛው ከቆረጥኩት ክፍል ውስጥ ነው።

እዚያ መሐል አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። አማትዎ ጠዋት ሊጸልዩ ሲነሱ ምሥራቁ እየጠፋቸው ይቸገሩ እንደነበር፣ የ11 ዓመቷ ልጅዎ በክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ የመርከቡን ካርታ እያየች ታሳያቸው እንደነበር ጽፈው ወዲያው ወደ ክሬዲት ካርዱ አለፉ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

የውስጥ ክፍል የሚሉት ከመርከቡ ክፍሎች ሁሉ ርካሹ ነው። መብራቱ ሲጠፋ እኩለ ሌሊትና እኩለ ቀን አይለዩም። መርከቡ ደግሞ ሌሊቱን አቅጣጫ ሲለዋውጥ ያድራል፤ ትናንት በበሩ በኩል የነበረው ምሥራቅ ዛሬ በልብስ ሳጥኑ በኩል ይሆናል። (በመታጠቢያ ቤቱ በኩል የሆነ ዕለት እናታችን ምን እንዳደረጉ አልጻፉልኝም፤ ማወቅ እፈልግ ነበር።) ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረው የጸለዩ ሴት፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ቆመው፣ ፒጃማ የለበሰች የልጅ ልጃቸው ጣቷን እስክትቀስርላቸው ይጠብቃሉ። ለመሆኑ ባለቤትዎ ይህን ያውቃሉ? ከአጻጻፍዎ እንደተረዳሁት አያውቁም።

ራስ ማዞሩም ከዚያ ክፍል ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ሚዛናችንን የምንጠብቀው በዋናነት ዓይንና ውስጠኛው ጆሮ ተስማምተው ሲሠሩ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ዓይን «ግድግዳው አልተነቃነቀም» ይላል፤ ጆሮ «እየተወዛወዝን ነው» ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይከተላል። ብዙ ጊዜ የሚረዳው ወደ መርከቡ ወገብ፣ ውጭ ወጥቶ አድማሱን ማየት ነው። እናታችን ግን ባዞራቸው ቁጥር ወደሚያዞራቸው ክፍል ተመልሰው ይገቡ ነበር። ባዶ ሆድም ሳያባብሰው አልቀረም፤ ይህን ባለቤትዎ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ሌላ ነገር ላይ ነው። ባሕር ያመማቸውን ሴት እንዳኮረፉ ቆጠሩ፤ «አልበላም» የሚለውንም «ስጦታህን አልቀበልም» ብለው ሰሙት።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። እነዚህ ትልልቅ መርከቦች ላይ ማዕዱ ከማለዳ እስከ ሌሊት አይነሳም፤ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ለይቶ ማወቅ ግን ቋንቋውን ለማይችል ሰው ጭንቅ ነው። ለራት አስተናጋጁ በዋዜማው ቢነገር ለማግስቱ የጾም ምግብ ለብቻ ያዘጋጃሉ፤ የተለመደ አሠራር ነው። «ቪጋን» የምትለው አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ከአምስት ሰው መካከል የተናገራት አልተገኘም። ከቤት ቋጥረውት የመጡት በሶ ደግሞ በመግቢያው ፍተሻ ላይ ተወሰደባቸው፤ ብዙዎቹ የመርከብ ኩባንያዎች ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ምግብ አያስገቡም። በፈረንጆች ገና ማታ ለእናታችን ቀኑ ታኅሣሥ 16 ነበር፤ ጾሙ ሊፈታ ገና 13 ቀን ይቀረዋል። ያን ምሽት ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ቤተሰብ አንድ፣ ቀኑ ግን ሁለት ነበር።

በባለቤትዎ እንዲፈርዱ አልፈልግም። እናታቸው ጥጥ እየፈተሉ፣ ጋቢ እያሠሩ እየሸጡ እንዳሳደጓቸው ጽፈዋል። እንዲህ ያደገ ልጅ ውለታው እንደከበደው ይኖራል። ለእሳቸው ጉዞው ዕዳ መክፈያ ነበር። የጠበቁትም አንድ ነገር ነው፤ እናታቸው ባሕሩን እያዩ «ተባረክ ልጄ» እንዲሏቸው። እናታችን ግን ከምግብ አዳራሹ ሲወጡ «ይህ ሁሉ ሲተርፍ የት ይደፋ ይሆን?» አሉ። በእንዝርት ልጅ ላሳደገ ሰው ይህ ድንጋጤ ነው። የልጅ ጆሮ ደግሞ ድንጋጤን ከወቀሳ አይለይም፤ በተለይ ክሬዲት ካርዱ ገና ሳይከፈል። ከሁሉ በፊት ግን «እማዬ፣ መቼ ቢሆን ይሻልሻል?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። የእኛ እናቶች ቢጠየቁም መጀመሪያ የሚመልሱት «አንተ እንደወደድክ» ብለው ነው፤ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ሁለተኛ ሲጠየቁ ነው።

የእርስዎም ድርሻ አለ። «ጾም መሆኑን አውቄ ነበር» ብለው መጻፍዎን ወድጄዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይህችን መስመር ይሰርዛት ነበር። የባልዎን ደስታ ላለማደፍረስ ብለው ዝም አሉ። ችግሩ ያ ዝምታ ከመርከቡ አብሯችሁ መውረዱ ነው። ዛሬ ኪኒንና ካፖርት የሚያመላልሰው እሱ ነው።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን ቤተሰቦችን ሲያጠና ደጋግሞ ያየው ነገር ይህ ነው፦ በሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ፤ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ሦስተኛው ሰው ሙቀቱን ያበርደዋል፤ ስለዚህም ሁለቱ ሳይታረቁ ብዙ መቆየት ይችላሉ። እርስዎ በቅንነት ያደረሱት እያንዳንዱ መልእክት ለኩርፊያው አንድ ቀን ይጨምርለታል። እናታቸው ኪኒን መዋጣቸውን በእርስዎ በኩል እያወቁ ከሆነ ባለቤትዎ የእናታቸውን በር ለምን ያንኳኳሉ? ደግሞ መልእክቶቹን ልብ ብለው ይዩዋቸው። «ኪኒኗን ወስዳ እንደሆነ»፣ «ካፖርቱን ይልበስ»። ይህ የተጠላሉ ሰዎች ንግግር ነው? እኔ እንዲህ የሚሳሳ ኩርፊያ ብዙ አላየሁም። ፍቅሩ በሙሉ በእርስዎ በኩል እያለፈ ስለሆነ እርስ በርስ አይደርሳቸውም።

አንድ ነገር ላክል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 1993 ባወጡት ጥናት ሰዎች እጃቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ አደረጉ። አንዴ ለ60 ሰከንድ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለ60 ሰከንድ ነክረው ሳያወጡ ለተጨማሪ 30 ሰከንድ፣ በዚህኛው ጭማሪ ግን ውኃው ጥቂት ቀዝቃዛነቱ ይቀንስ ነበር። የቱን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ትዝታ ደቂቃ አይቆጥርም፤ የሚይዘው ከሁሉ የከፋውን ወይም ያማረውን ቅጽበትና አጨራረሱን ነው። የእናንተ ጉዞ የከፋ ቅጽበቱ ያ ራት ነበር። መጨረሻው ደግሞ ዲሴምበር 28፣ ታኅሣሥ 19፦ ሻንጣ ማታውኑ በር ላይ ወጥቷል፣ የሒሳብ ደረሰኝ መጥቷል፣ ልጆቹ ያዛጋሉ፣ እናታችን በገብርኤል ዕለት ከማኅሌት ርቀው የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ሰባቱ ቀን በእነዚህ ሁለት ነገሮች ተዋጠ።

የጃማይካዋ ወደብ ፋልማውዝም አብራ ተዋጠች። ባለቤትዎና ወንዱ ልጅ ወደ ፏፏቴው ሲሄዱ እናንተ ሦስት ሴቶች ከወደቡ ወጥታችሁ በእግር ስትዘዋወሩ፣ በድስት ምግብ የሚሸጥ ሽበታም ራስታ ከወዴት እንደሆናችሁ ጠየቀ። ልጅዎ «ኢትዮጵያ» ስትለው ባርኔጣውን አውልቆ ለእናታችን እጅ ነሣ፤ የራሱንም ወንበር አመጣላቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካን የጎበኙበትን ቀን ራስታዎች እስከ ዛሬ ያከብሩታል፤ ለዚያ ሰውዬ ከኢትዮጵያ የመጡ እናት ተራ ጎብኚ አልነበሩም። ድስቱ ውስጥ የነበረው ራስታዎች «አይታል» የሚሉት ምግብ ነው፤ ባቄላና ዱባ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ፣ ሥጋም ቅቤም የሌለበት። የኮኮናቱን ወተት ከላም እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ አስጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ሳህኑን ጨረሱ። «አገራችንን ሳያዩ ጾማችንን ያውቁታል» ብለው ሳቁ። ፎቶው በስልክዎ ላይ አለ። በጉዞው ሁሉ እናታችን የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እናቱን ለማሳቅ ስምንት ሺህ ዶላር ያወጣው ልጅ ግን እዚያ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከዛሬ ጀምሮ መልእክት አይውሰዱ። ሳይቆጡ፣ ሳያብራሩ፣ «ራስህ ብትጠይቃት ደስ ይላታል» ይበሉ፤ ለእናታችንም «እርስዎ ቢነግሩት ይሰማል» ይበሏቸው። ለጥቂት ቀን ቤቱ ከአሁኑ ይብሳል። ይቻሉት።

ከዚያ ባለቤትዎ ከመንገድ ተመልሰው እንቅልፍ ከጠገቡ በኋላ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ የራስዎን ይናገሩ፦ «ጾም መሆኑን አውቄ አልነገርኩህም። ደስታህን ላለማበላሸት ብዬ ነው፤ ተሳስቻለሁ።» ከዚህ በኋላ «ግን አንተም» የሚለው ሐረግ ወደ አፍዎ ይመጣል። ይዋጡት። ቀጥለው ፎቶውን ያሳዩአቸው፤ ስለ ምሥራቁም ይንገሯቸው። ይህ እርስዎ ያዩት ነገር ነው፤ የማንም መልእክት አይደለም። ልጅቱን ግን ለማስታረቅ አይላኩ። አያቷ ምሥራቅን ሲፈልጉ የረዳች ልጅ ቀጣዩዋ ተላላኪ እንድትሆን አልፈልግም፤ ካወራች በራሷ ፈቃድ ታውራ።

ይቅርታው የባለቤትዎ ነው፤ ቃሉ የወጣው ልጆቹ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም ልጆቹ ፊት ቢሆን ይመረጣል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ ጉልበት መሳምን የሚያህል ንግግር እኛ ዘንድ የለም። ሽማግሌ ልጥራ ወይ ላሉት፣ አሁን አይጥሩ። ሽማግሌ የሚመጣው ሁለቱ ተነጋግረው ካቃታቸው ነው፤ እነዚህ ገና አልተነጋገሩም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በቅበላው ሰሞን አንድ ማዕድ ላይ ቢቀመጡ ለእናታችን ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ቂም ይዘው ጾሙን መግባት አይፈልጉም።

እናታችን እንቅልፍ ካጡ፣ ጾም ሳይሆንም ምግብ ከተዉ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካስጠላቸው ኩርፊያ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይያቸው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን በጾም ሰሞን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱም ሐኪሙን ይጠይቁላቸው።

ሁለተኛ ጉዞ ይቅር ወይ ላሉት፣ እኔ አይቅር ባይ ነኝ። ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ በዓለ ኀምሳ እስከ ግንቦት 23 ይዘልቃል፤ በእነዚያ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የአሜሪካው የሜሞሪያል ደይ በዓል ግንቦት 17 ላይ ስለሚውል ልጆቹ ከትምህርት ብዙ ሳይቀሩ የሦስት ወይም የአራት ሌሊት አጭር ጉዞ ይቻላል። መስኮት ላለው ክፍል የሚጨመረውን ገንዘብ አትሰስቱ። ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ደግሞ ባለቤትዎ እናታቸውን ሁለት ጊዜ ይጠይቁ።