ድሬዳዋ ሂጂ፣ ግን ጠይቀሽ ፈርሚ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሽ ስምንት ወር ሥራ ፈልገሻል። አሁን ድሬዳዋ ኤርፖርት የበረራ መሣሪያዎች ቴክኒሻን እንድትሆኚ ተጠርተሻል። እናትሽ ግን "አየር ኃይል ያለበት ግቢ ልጄን አልሰድም" ብለዋል፤ አጎትሽ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ካለው የአስመጪ ቢሮው ሊያስገባሽ ይፈልጋል።

እኔ ሂጂ ነው የምልሽ።

እናትሽ ከሜዳ ተነስተው አልፈሩም። ኅዳር 2013 ባሕር ዳርና ጎንደር ኤርፖርት ላይ ሮኬት ተተኩሷል። በ1969ም የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ስለዚህ "ምንም የለም" ብለሽ እንዳትሸነግያቸው። አንቺን ያስጨነቀሽ ግን ሌላ ነው፤ "እዚያ ከገባሁ እንደ ወታደር እቆጠራለሁ ወይ?" ብለሻል። አትቆጠሪም። ማኮብኮቢያው አንድ ነው፣ አለቃው ሁለት። በፈረንጆቹ 1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት እንኳ የሲቪል አውሮፕላንንና የመንግሥት አውሮፕላንን ለይቶ ነው ያስቀመጠው፤ የጦር አውሮፕላን ሁለተኛው ውስጥ ነው፣ ስምምነቱም የሚመለከተው ሲቪሉን ብቻ ነው። አንቺ የምትጠግኚው መሣሪያ የሚመራው በዚያ በሲቪሉ ደንብ ነው፤ ሙያው ሌላ አገርም ይዞሽ ይሄዳል።

የሚለየው የሥራው ጠባይ ነው። አብራሪው አቅጣጫውን የሚያውቅበት፣ ቪኦአር የሚባለው የራዲዮ መሣሪያ ለጥገና ሲዘጋ፣ ኖታም የሚባል ማስታወቂያ ለአብራሪዎች ይወጣል። በጋራ ሜዳ ላይ ግን ከጎረቤትሽ ከአየር ኃይሉም ጋር መነጋገር አለ። የመንገደኛ በረራ የለም ብለሽ የመሣሪያ ሳጥንሽን ይዘሽ ስትወጪ ልምምድ ሊጀመር ይችላል፣ ያኔ ታወሩ፣ ማለትም የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው፣ ፈቃድ እስኪሰጥሽ ድረስ በዚያ ፀሐይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ፎቶ ማንሳት የለም። ያየሽውን ቴሌግራም ላይ አታወሪም። እኔ እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ አራት ዓመት ራዲዮ ጠግኛለሁ። ሰው ጥቂት ስለነበር ራዲዮውም፣ ባትሪውም፣ ጀነሬተሩም የእኛው ነበር። ዛሬ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት እዚያ ነው። አጎትሽ ቢሮ ሁለት ዓመት ዕቃ ስትመዘግቢ ከቆየሽ በኋላ ግን የመሣሪያ ሥራ ሊሰጥሽ የሚደፍር ቀጣሪ ማግኘት ይከብድሻል።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሚኝ። "ቤተሰቦቼ የደሞዜን ግማሽ ለቤታችን ኪራይ እንድሰጥ ይጠብቃሉ" ብለሽ ጽፈሻል። የቤተሰብሽ ጭንቀት ግማሹ ይሄ ይመስለኛል፣ ማንም ጮክ ብሎ አላለውም እንጂ። ቁጭ ብላችሁ አውሩት። ከድሬዳዋም በቴሌብር ብር ይላካል። የምትችይውን መጠን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ግማሽ ግን አይሆንም፣ አንቺም እዚያ ቤት ትከራያለሽ።

ሙቀቱን ትለምጂዋለሽ። ልትማሪ ያሰብሽው ማስተርስ ይቆይ። ኦሮምኛና ሶማልኛ ትንሽ ትንሽ ብትማሪ ግን ከተማው ቶሎ ቤትሽ ይሆናል።

ከመፈረምሽ በፊት ውሉ ላይ ቀጣሪሽ ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። ስልጠናውን ማን እንደሚሰጥና ሰርተፍኬቱ በእጅሽ እንደሚገባ ጠይቂ። መኖሪያው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ከተማ? ዝውውር መጠየቅ የሚቻለው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? መልሱን በወረቀት ይዘሽ ማክሰኞ ከሰዓት አራት ኪሎ ቢሮዬ ነይ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ የሚጠይቁኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እመልስላቸዋለሁ።