ዓሣው ጸጥ ብሎ ሳለ የኦክስጅን ፍጆታው ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ የዓሣ ኦክስጅን ፍጆታ በተዘጋ ዕቃ እለካለሁ። ፓምፑ ውኃውን ያድሳል፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ተዘግቶ ይለካል፤ ይኸው ሌት ተቀን ይደጋገማል። ዓሣው ባይንቀሳቀስም የሁለተኛው ቀን ፍጆታ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሴንሰሩን ከመቀየርዎ በፊት ባክቴሪያውን ይጠርጥሩ። በዕቃው ግድግዳ፣ በቱቦውና በፓምፑ ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ከዚያው ውኃ ኦክስጅን ይወስዳል፤ የዓሣው ቆሻሻ ምግብ ስለሚሆነውም እየዋለ እያደረ ይበዛል። ስለዚህ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ባዶውን ዕቃ ይለኩ። ዓሣው እንደወጣም ዕቃውን ሳያጥቡ ወዲያው ደግመው ይለኩ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የእርስዎን ችግር የሚያጋልጠው ግን እሱ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ የባክቴሪያው ፍጆታ በመካከሉ ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ እንዳደገ ቆጥረው ከየልኬቱ ይቀንሱ።

በቁጥር እንየው። 50 ግራም ዓሣ 1.5 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ አለ፤ ዓሣው የያዘው ቦታ ሲቀነስ ውኃው 1.45 ሊትር ገደማ ነው። ኦክስጅኑ በ10 ደቂቃ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ቢወርድ፣ በሰዓት 3 ይሆናል። ከዚህ 0.3 የባክቴሪያው ከሆነ የዓሣው 2.7 ነው፤ በ1.45 ሲባዛ በሰዓት 3.9 ሚሊግራም ያህል ይመጣል። ሳይቀነስ ቢቀር 4.35 ይባል ነበር። ለዕረፍት ፍጆታ ጥናት ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

የባዶው ዕቃ ልኬት ገና ከመነሻው ከፍ ካለ፣ ዕቃውንም ቱቦውንም በበረኪና አጥበው ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁ፤ የቀረ ክሎሪን ዓሣውን ይጎዳል።

ጥፋቱ የባክቴሪያው ካልሆነ ሙቀቱን ይመልከቱ፤ የውኃው ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የዓሣው ፍጆታ ብዙ ጊዜ 7 በመቶ ገደማ ያድጋል። የአየር አረፋና የሲሊኮን ቱቦ ግን የእርስዎ ጥፋተኞች አይመስሉም። አረፋው ኦክስጅን ለውኃው ይለቃል፣ ሲሊኮኑም ከውጭ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ፍጆታውን የሚያሳንሱ እንጂ የሚያበዙ አይደሉም። ቢሆንም ሁለቱንም ያስወግዱ። ለዓሣውም ከልኬቱ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ምግብ ይቁም፤ መፍጨቱ ራሱ ኦክስጅን ይበላል።

ጥያቄ፦ ኦክስጅንን በብርሃን የሚለካውን ሴንሰሬን ዜሮ ነጥብ (ኦክስጅን በሌለበት ውኃ የሚያሳየውን ንባብ) በምን ላስተካክል?

መልስ፦ 1 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ያሟሙ፤ ጨው መሰሉ ዱቄት በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። አረፋ እንዳይገባ ቀስ ብለው ያማስሉ፣ ንባቡ እስኪረጋም ይጠብቁ። ከዚያ ሴንሰሩን በደንብ ያለቅልቁት፤ የተረፈው ሰልፋይት ወደ ዕቃው ከገባ እዚያም ኦክስጅን መብላቱን ይቀጥላል፣ ጥፋቱ በዓሣው ስም ይመዘገባል። ለ100 በመቶው ነጥብ አየር በደንብ የተነፋበት ውኃ ይበቃል፤ የአካባቢዎን የአየር ግፊት ግን ማስገባት አይርሱ።