ቆዳውን ሳታዩ መኪና አትግዙ

ይድረስ የቆዳ ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ላሰባችሁ ልጆቼ፤

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከቆዳና ከስፌት መኪና ጋር ነው። መጀመሪያ ሰፋሁ፣ ቆይቼ ጥገናውን ያዝኩ፣ አሁን ደግሞ ከመሥራት ማስተማሩ ይበዛል። ከእናንተ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «የትኛዋን መኪና ልግዛ?» የሚለው ነው። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምትሰፉት ምን ዓይነት ቆዳ ነው? ይህን ሳታውቁ ብር ይዛችሁ መርካቶ ከወረዳችሁ ሻጩ የሚሰጣችሁ ለእናንተ የሚስማማውን ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ነው። የምታወጡት ገንዘብ የእናት የእቁብ ብር ወይም የወንድም ብድር መሆኑን ስለማውቅ ነው ነገሩን በዝርዝር የምጽፍላችሁ።

ጨርቅ ስህተት ይሸፍናል። የተሳሳተ ስፌት ብትፈቱ ድርና ማጉ ተመልሶ ይገጥማል። ቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን እንደተበሳ ይቀራል። ስለዚህ በቆዳ ሥራ መኪናዋ ከመጀመሪያው ስፌት ጀምሮ ልክ መሆን አለባት።

የአገራችን ደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ በውጭ ያሉ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ለጃኬትና ለጓንት ሲለፋ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ለእንዲህ ያለው ሌጦ «ቆዳ ስለሆነ» ብላችሁ ከባድ መኪና አትግዙ። የከባድ መኪና ጥርስ (ሥራውን ከሥር ይዞ የሚገፋው ብረት) ስሱን ሌጦ ይነክሰዋል፣ ወፍራሙ መርፌዋም ይቀደዋል። ቀጥ ያለ ስፌት የምትሰፋው ተራ የኢንዱስትሪ መኪና፣ ጥርሷ ደቃቅ ከሆነና ሥራውን ከላይ የሚጫነው የብረት እግሯ ቆዳ በማይጣበቅበት የቴፍሎን እግር ከተቀየረ፣ በ90 ወይም በ100 ቁጥር መርፌ ጃኬቱን አሳምራ ትሰፋለች። በጃኬት የምትጀምሩ ከሆነ ገንዘባችሁን አትርፉ።

ቦርሳና ቀበቶ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የከብት ቆዳ ታጥፎ፣ ገበር ገብቶበት፣ እጀታ ሲጨመርበት አምስትና ስድስት ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በተራዋ መኪና ሥራውን የሚገፋው የታችኛው ጥርስ ብቻ ነው፤ የላይኛው እግር ተጭኖ ዝም ይላል። ቆዳ ደግሞ ከብረት ጋር ይጣበቃል። ታችኛው ንጣፍ ሲሄድ ላይኛው ወደኋላ ይቀራል፣ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ሁለቱ አይገጥሙም። ማስቲሽ ቀብታችሁ ብታጣብቁት እንኳ ስፌቱ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይወጣል። እዚህ የምታስፈልጋችሁ ዎኪንግ ፉት የምትባለው ናት፤ ጥርሱ፣ መርፌውና የውስጠኛው እግር አብረው ቆዳውን ይዘው የሚራመዱባት። የጁኪ ዲኤንዩ 1541 ከዚህ ዓይነት ናት፤ ከቀደሙት ደግሞ የጁኪ ኤልዩ 563 እና የኮንሲው 206አርቢ እስካሁን ይሠራሉ። በደንብ የተያዘች አሮጌ ስሟ ከማይታወቅ አዲስ ትሻላለች፤ በዚህ ላይ ለዓመታት ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የመኪናዋንም ቅርጽ እዩ። ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳና ቀጥ ያለ ሥራ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይሰፋል። ተገጣጥሞ ያለቀ ቦርሳ ጎኑን ለመስፋት ግን ክንዷ ወደ ውጭ የወጣ መኪና ያስፈልጋል፤ ቦርሳው ክንዱ ላይ ይጠለቃል። የጫማ ፊት የሚሰፋው ምሰሶ ባላት ነው።

ስለ ሞተር አጥብቄ የምነግራችሁ አለኝ። የድሮው ክላች ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ፣ እናንተ ባትሰፉም፣ ይዞራል፤ መብራት ይበላል። ሁለት ዓይነት አለ፦ በደቂቃ ወደ 1,425 የሚዞርና ወደ 2,850 የሚዞር። ፈጣኑ ለጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሞተሩ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር)፣ መኪናዋ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቢኖር እንኳ በደቂቃ 1,425 ስፌት ነው፤ ጥግ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ አይቀድመውም። ሰርቮ ሞተር ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ይሠራል፣ ፍጥነቱም ይገደባል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም አላውቅም። አሜሪካ ያለ ዘመድ መኪና ልላክላችሁ ካላችሁ የሞተሩን ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አስቀድማችሁ ጠይቁት። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት አካባቢ ነው፤ የእኛ 220 ነው። ጭንቅላቷን፣ ማለትም ያለ ጠረጴዛና ያለ ሞተር መኪናዋን ብቻ ልኮ ሞተሩን እዚህ ብትገዙ ይሻላል።

አሁን ወደ መርፌ። ከሚመጡልኝ «ተበላሸች» ከተባሉ መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው መርፌ ነው። ተራዋ መኪና ዲቢ1 የሚባለውን ትወስዳለች፣ ዎኪንግ ፉቷ 135 በ16 ወይም 135 በ17 ትወስዳለች። የሁለቱ መኪኖች መርፌ ርዝመቱ የተለያየ ነው። 16ቱ ጫፉ ለቆዳ የተሳለ ነው፣ ይቆርጣል፤ 17ቱ ክብ ነው፣ ለጨርቅና ለሸራ ይሆናል። መርፌው ላይ 110 የሚለው ውፍረቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 18 ነው።

ክሩ መርፌውን ይመርጣል። ቴክስ 70 ሲባል 1,000 ሜትሩ 70 ግራም ይመዝናል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል። ገበያ ላይ «ቁጥር 40»፣ «ቁጥር 20» የሚባለው ግን ተቃራኒ ነው፤ 20ው ከ40ው ይወፍራል። ለቁጥር 40 ከ100 እስከ 110፣ ለቁጥር 20 ወደ 140 መርፌ ያዙ። ለማረጋገጥ መርፌውን ክሩ ላይ ሰክታችሁ ክሩን ወጥራችሁ አጋድሉት፤ መርፌው በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከወረደ ልክ ነው።

ስፌቱን አታቀራርቡ። ለጃኬት ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ለቦርሳ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ይበቃል። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ የተደረደረበት ቆዳ እንደ ቴምብር ዳር ተቀዶ ይወጣል።

የክር ውጥረት ስታስተካክሉ መጀመሪያ ክሩን አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት። ከሥር ክሩ ከተጨማጨቀ ብዙ ጊዜ የላይኛው ክር በውጥረቱ ሳህኖች መሀል አልገባም። ልክ የሆነ ስፌት የላይኛውና የታችኛው ክር የሚተሳሰሩበት ቋጠሮ ቆዳው ውስጥ መሀል ላይ ይቀመጣል። ቋጠሮው ከላይ ከታየ የላይኛውን ክር አላሉ ወይም የታችኛውን፣ የቦቢኑን ክር አጥብቁ፤ ሥር ከታየ በተቃራኒው። በስስ ሌጦ ላይ ወፍራም ክር ካስገባችሁ ግን ምንም ብታደርጉ ቋጠሮው የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም። ካቻቢቴውን አስቀምጡና ክር ቀይሩ።

መኪናዋ ስፌት ከዘለለች «ታይሚንግ ነው» (መርፌውና ከሥር ክሩን የሚይዘው መንጠቆ የሚገናኙበት ጊዜ ተዛብቷል) ለማለት አትቸኩሉ። አዲስ መርፌ፣ ትክክለኛው ዓይነት፣ እስከ ላይ ተገፍቶ የገባ፣ ፊቱም ልክ የዞረ መሆኑን እዩ። ከዚያ እግሩ ቆዳውን በቂ ተጭኖት እንደሆነ እዩ፤ ካልተጫነው ቆዳው ከመርፌው ጋር ወደ ላይ ይነሳና ክሩ ቀለበት አይሠራም። ያልታወቀ መርፌ ገብቶላት፣ ለዚያ መርፌ ተብሎ ታይሚንጓ የተዞረባት መኪና ብዙ ጊዜ አጋጥማኛለች፤ ትክክለኛው መርፌ ሲገባ ጨርሶ አትሰፋም። ታይሚንግ የግድ ከሆነ መርፌው መጨረሻ ወርዶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲመለስ የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ቀዳዳ ትንሽ ከፍ ብሎ መድረስ አለበት፣ ሳይነካው፣ የስስ ወረቀት ያህል ተራርቆ። በአንድ ጊዜ አንድ ብሎን ብቻ ፍቱ፤ ከመፍታታችሁ በፊት ቦታውን በመርፌ ጫር አድርጋችሁ ምልክት ያዙ።

ጥግ ላይ መኪናዋ ከደከመች ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ላይሆን ይችላል። የሚታጠፈው ጠርዝ ሳይሳሳ የተሰፋ ቆዳ ለማንኛዋም መኪና ፈተና ነው። ማሳሻ ማሽን ባይኖራችሁ በተሳለ ቢላዋ መስታወት ላይ አድርጋችሁ አሳሱ።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ቆዳ፣ የራሳችሁን ክርና መርፌ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በሚያቀርበው ጨርቅ አትፈትኑ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳታበሩ መንኮራኩሩን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩ፤ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ነገር ካለ ይሰማችኋል። የመርፌውን ዘንግ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ያረጀ ነው። ከዚያ ከሁለት ንጣፍ ወደ አራት እየወጣችሁ፣ መልሳችሁም እየወረዳችሁ ስፉ፣ ገልብጣችሁም ሥሩን እዩ። ቦቢኗ፣ የቦቢን ቤቷና እግሯ ገበያ ላይ እንደሚገኙ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ።