ውሻው ገመድ በጥሶ ነው ቢሉሽም ካሳ ትጠይቂያለሽ

ጥያቄው ከደሴ ሆጤ አካባቢ ከምትኖር እናት ነው የመጣው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል። "የ8 አመት ልጄን ከሱቅ ሲመለስ የጎረቤት ውሻ ባቱን ነከሰው። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፣ ክትባት ጀምሯል፣ ቁስሉ ገና አልጠገገም። ጎረቤታችን አባትየው ውሻው የልጄ ነው እሱ ኮምቦልቻ ነው የሚሰራው እሱን ጠይቂ ይላሉ። ልጃቸው ደግሞ በስልክ 'ገመድ በጥሶ ነው የኔ ጥፋት አይደለም፣ ከፈለግሽ ውሻውን ውሰጂው' አለኝ። አሁን ሽማግሌ ልከው 3000 ብር ተቀብለሽ ፈርሚ እያሉኝ ነው፣ ምን ላድርግ?"

እህቴ አብሽሪ፣ ፈጣሪ ልጁን ያሽርልሽ። ከሁሉም በፊት ወረቀቱን አሁን እንዳትፈርሚ። ሽምግልናውን እምቢ በይ እያልኩሽ አይደለም፣ እኛ ወሎዬዎች ጎረቤት ከጎረቤት ተካሶ ከሚቆራረጥ ቁጭ ብሎ ቢታረቅ ነው የምንወደው፣ እኔም ብዙ ጉዳይ በሽማግሌ ሲያልቅ ደስ ይለኛል። ግን "ካሳዬን ተቀብያለሁ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም" የሚል ወረቀት ላይ ከፈረምሽ ያ በሕግ የእርቅ ውል ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 ላይ እንደመጨረሻ ፍርድ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ በወሩ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወይ እግሩ ላይ ጉዳት ቢቀር ተመልሰሽ መጠየቅ በጣም ይከብድሻል። ለህክምና እንዲረዳሽ ብር ከሰጡሽ ተቀበይ፣ ግን ወረቀቱ ላይ "ለህክምና ወጪ በቅድሚያ የተሰጠ" ተብሎ ይጻፍ።

ክትባቱን ደግሞ አንድም ቀን እንዳታሳልፊ፣ ሐኪሙ ቀጠሮ በሰጠሽ ቀን ውሰጂው፣ ቁስሉ ደህና መሰለ ብለሽ አታቋርጪ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን ተናደው እንዳይገድሉት ንገሪያቸው፣ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ታስሮ መታየት አለበት፣ አንቺ ጋ ገና 4 ቀን ይቀራል፣ ከታመመ ወይ ከሞተ ለሐኪሙ ወዲያው ንገሪ። (ሌላ አንባቢ ካለ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉ ወዲያው በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዛ በቀጥታ ጤና ተቋም።)

አሁን ወደ ሕጉ። "ገመድ በጥሶ ነው" የሚለው መልስ አያድናቸውም። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ሳያስበው አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ባይገምት እንኳ ይከፍላል ነው የሚለው። አባትየውም "የኔ አይደለም" ብለው አይወጡም፣ በቁጥር 2072 እንስሳውን ተረክቦ የሚጠብቅ ሰው በእጁ እያለ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም መክሰስ ትችያለሽ። "ልጅሽ ነካክቶት ነው" ካሉ ማስረዳት የነሱ ስራ ነው፣ ከሱቅ እየተመለሰ በመንገድ ማለፍ ጥፋት አይደለም።

ይቺን ግን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። "ውሻውን ውሰጂው" ያለሽ ንግግር ለቀልድ ይመስላል፣ ግን ሕጉ ላይ ያለ ነገር ነው። በቁጥር 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው ለቆ ከካሳ ነፃ ልሁን ማለት ይችላል። ይሄን መብት የሚያጣው ጉዳቱ የደረሰው በራሱ ጥፋት ወይ እሱ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት ከሆነ ነው። ስለዚህ ያንቺ ትልቁ ስራ ጥፋታቸውን ማሳየት ነው። ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሷል ወይ? ቀን ቀን ይለቁት ነበር ወይ? ገመዱ አሮጌ ነበር? በሩ ሁሌ ክፍት ነው? ጎረቤት "ውሻውን እሰሩልን" ብሎ ተናግሯቸው ያውቃል? እነዚህን የሚያውቁ 2 ወይ 3 ሰዎች ስም ዛሬውኑ ጻፊ፣ ሰው ቶሎ ይረሳል፣ ጎረቤት ደግሞ ሲቆይ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ማስረጃ ላይ፣ ለፖሊስ አመልክቺና በደብዳቤ ወደ ሆስፒታል ይላኩሽ፣ የህክምና ማስረጃው በዛ ይመጣል። ቁስሉን በየሁለት ቀኑ ፎቶ አንሺ፣ የተቀደደ ሱሪውን አትጠቢው አትጣዪው። የመድሃኒትና የካርድ ደረሰኝ ሁሉ በልጁ ስም ይሁን። ባጃጅ ደረሰኝ የለውም አውቃለሁ፣ ቀኑንና የከፈልሽውን ደብተር ላይ መዝግቢ፣ በትክክል ሊሰላ የማይችል ጉዳት ሲኖር ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በሆነ ግምት፣ የሚቆርጥበት መንገድ አለ (ቁጥር 2102)። ስራ የቀረሽባቸውን ቀኖችም ጻፊ፣ ሁሉንም ላይቀበሉሽ ይችላሉ ግን ካልጠየቅሽ ማንም አይሰጥሽም። የህሊና ጉዳት ካሳ (ለድንጋጤና ለስቃይ የሚከፈለው) ላይ ብዙ እንዳትጠብቂ፣ ሕጉ በ1952 ዓ.ም ሲወጣ ጣሪያውን 1000 ብር አድርጎታል፣ ማታ ማታ እየጮኸ ለሚነሳ ህፃን ይሄ ገንዘብ ምን እንደሆነ ሳስበው ያመኛል። ወደፊት ለሚመጣ ህክምና ግን ሐኪም ከጻፈልሽ መጠየቅ ይቻላል።

ለክስ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ መመላለስ የለብሽም፣ ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ፍርድ ቤት ስለሚቻል ደሴ ላይ ትከሻለሽ። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለሽ በደሀ ደንብ፣ ማለትም ሳትከፍዪ፣ ለመክሰስ እንዲፈቀድልሽ ማመልከት አለ። የካሳ ክስ ጊዜው 2 አመት ነው። በቸልተኝነት አካል መጉዳት ወንጀልም ነው (የወንጀል ሕግ ቁጥር 559)፣ ቀላል ጉዳት ከሆነ አቤቱታውን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ ስላለብሽ እሱን አታዘግዪው።

ሽማግሌዎቹ ማታ ከመጡ ቡና አፍይላቸው፣ አክብሪያቸው፣ ከዛ እንዲህ በያቸው፦ "ልጄ ክትባቱን ጨርሶ ሐኪም ድኗል ብሎ እስኪጽፍልኝ ድረስ አልፈርምም፣ እስከዛ የህክምናውን ወጪ እነሱ ይሸፍኑ፣ ውሻውም ይታሰር።"